የእግዚአብሔር ዝምታ ፈቃድ አይደለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

መዝሙረ ዳዊት በቤተ ክርስቲያናችን ከመጻሕፍት ሁሉ ይልቅ በአፍ የሚመላለስ መጽሐፍ ነው። ሕፃኑ ፊደል ከቈጠረ በኋላ ንባብ የሚለምድበት፣ ዲያቆኑ ከወንጌል አስቀድሞ ምስባክ የሚሰብክበት፣ መነኩሴው በበዓቱ ሌሊቱን የሚያነጋበት፣ ሽማግሌውና ባልቴቲቱም በየማለዳው የሚደግሙት እርሱ ነው። ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ የተመላለሰ ቃል ከከንፈር ወደ ልብ ሳይወርድ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በየሳምንቱ እየደገምነው ቆም ብለን ስለማናስበው አንድ ነገር በዚህ ጽሑፍ ልንናገር ወደድን። ይኸውም እግዚአብሔር ኀጢአትን እያየ ዝም የሚልበት ምሥጢር ነው።

በደለኛው ሲበድል ይውላል፤ በማግሥቱም ፀሐይ ትወጣለታለች፤ እርሻው ያፈራል፤ ልጆቹ ያድጋሉ፤ በገበያም በአደባባይም ይከበራል። የተበደለው ደግሞ ይጮኻል፤ ሰማይ ግን ዝም ይላል። ይህን የሚያይ ሰው እንደየቦታው በሦስት ዓይነት ይሰናከላል። በደለኛው «ዝም ከተባልሁ ተፈቅዶልኛል» ይላል። ተበዳዩ «ዝም ከተባልሁ ተረስቻለሁ» ይላል። ሊያስተምር የተሾመው ካህን ደግሞ «እግዚአብሔር ዝም ያለውን እኔ ስለ ምን እናገራለሁ» ይላል። ሦስቱም ስተዋል። ለሦስቱም መልስ የሚሆነው ቃል ዘወትር በእጃችን ባለው በዳዊት ውስጥ ይገኛል።

ከመዝሙራት መካከል ይህን ነገር አብልጠው የሚናገሩት በአሳፍ ስም የተጻፉት ናቸው። አሳፍ ከነገደ ሌዊ የተወለደ ሰው ነው፤ ዳዊት ታቦተ ሕጉን ወደ ኢየሩሳሌም ባመጣ ጊዜ በታቦቱ ፊት እንዲያገለግሉ ለሾማቸው መዘምራን አለቃቸው ነበረ፤ የእጁም ዕቃ ጸናጽል ነበረ። እንግዲህ በቅኔ ማኅሌት ቆሞ ጸናጽል ለሚይዝ አገልጋይ አሳፍ እንግዳ ሰው አይደለም። በስሙ የተጻፉት መዝሙራት አሥራ ሁለት ሲሆኑ፣ በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር 49ኛው አንዱ ነው፤ የቀሩት ከ72ኛው እስከ 82ኛው ያሉት ናቸው። ከእነዚህም ሦስቱን ብናስተውል፣ በ82ኛው አሳፍ እግዚአብሔር ዝም እንዳይል ይለምናል፤ በ72ኛው በእግዚአብሔር ዝምታ ምክንያት ሊወድቅ ተቃርቦ እንደ ነበረ ይናገራል፤ በ49ኛው ግን እግዚአብሔር ራሱ ስለ ዝምታው ሲናገር ይሰማል። ልመናውም፣ ፈተናውም፣ መልሱም በአንድ መዘምር አፍ ተነግሮአል ማለት ነው።

አስቀድመን ልመናውን እንመልከት። እግዚአብሔር ዝም እንዳይል የሚለምነው አሳፍ ብቻ አይደለም። ዳዊት በ27ኛው መዝሙር፣ አምላኩ ዝም ካለው ወደ ጕድጓድ እንደሚወርዱት እንደሚሆን ይናገራል። በ34ኛው፣ እግዚአብሔር ሁሉን አይቶአልና ዝም እንዳይል ይማልዳል። በ12ኛው «እስከ መቼ» የሚለውን ጥያቄ አራት ጊዜ ይደጋግማል። በ43ኛውማ ጸሎተኛው ደፍሮ እግዚአብሔር የተኛ ይመስል እንዲነቃ ይጠራዋል። እነዚህ ቃላት የከሓዲ ቃላት አይደሉም፤ መንፈስ ቅዱስ ለቤተ ክርስቲያን የሰጣቸው ጸሎቶች ናቸው። ቅዱስ አትናቴዎስ ለማርኬሊኖስ በጻፈው መልእክት እንዳስተማረው፣ በሌሎቹ መጻሕፍት የሌላውን ሰው ነገር እንሰማለን፤ መዝሙርን የሚደግም ግን ቃሉን እንደ ራሱ ቃል አድርጎ ይናገራል፤ በመስተዋት እንደሚያይም የራሱን ነፍስ ያይበታል። ስለዚህ ኀዘንተኛ ሰው በእግዚአብሔር ፊት «ለምን ዝም አልህ» ብሎ ቢያለቅስ አፉን ልንይዘው አይገባንም። እግዚአብሔር ራሱ ያለበሰውን ቃል እኛ የምንገፈው በምን ሥልጣናችን ነው?

ፈተናው ደግሞ በ72ኛው መዝሙር ተጽፎአል። አሳፍ የኃጥኣንን ሰላም አይቶ ቀና፤ እግሩም ሊሰናከል ጥቂት ቀረው። ሰውነታቸው ወፍሮአል፤ ትዕቢትን እንደ ሐብል በአንገታቸው አጥልቀዋል፤ አፋቸውን በሰማይ ላይ ያነሣሉ፤ እግዚአብሔር ምን ያውቃል ብለውም ይዘብታሉ። እርሱ ግን ልቡን ያነጻው፣ እጁንም በንጽሕና የታጠበው በከንቱ መስሎ ታየው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። አሳፍ ይህን አሳብ በሕዝቡ መካከል ቢናገረው የእግዚአብሔርን ልጆች ትውልድ እንደሚከዳ ዐውቆ አፉን ጠበቀ፤ በእግዚአብሔር ፊት ግን አልደበቀውም። ሊረዳው ቢፈልግም ወደ መቅደስ እስኪገባ ድረስ ነገሩ በዓይኑ ፊት ድካም ሆነበት። በመቅደስ ግን ፍጻሜአቸውን አስተዋለ።

መዝሙሩ ይህን ሲነግረን አሳፍ ከመቅደስ በወጣ ጊዜ ኃጥኡ ወድቆ አገኘው አይለንም። ኃጥኡ እንደ ነበረ ነው፤ ሰውነቱም እንደ ወፈረ፣ ሐብሉም በአንገቱ እንዳለ ነው። የተለወጠው አሳፍ ነው። የኃጥኡ ሰላም ከእንቅልፍ እንደሚነቃ ሰው ሕልም መሆኑን ዐወቀ፤ እርሱ ራሱ ሲቀና ሳለ እንኳን እግዚአብሔር ቀኝ እጁን ይዞት እንደ ነበረ ተረዳ። ሰማይ ዝም ባለበት ወራት እጁ ተይዞ ነበር! መዝሙሩን የሚፈጽመውም የጠላቱን ጥፋት በመቍጠር ሳይሆን ለእርሱ የሚሻለው ወደ እግዚአብሔር መቅረብ እንደ ሆነ በመመስከር ነው።

አሁን ወደ መልሱ እንምጣ። በ49ኛው መዝሙር እግዚአብሔር ሊፈርድ ይመጣል፤ ሰማይንና ምድርንም ለምስክርነት ይጠራል። በዚያ የፍርድ አደባባይ የሚቆሙት አሕዛብ ሊመስሉን ይችላሉ፤ የቆሙት ግን መሥዋዕት በማቅረብ ከእርሱ ጋር ኪዳን የገቡት የራሱ ወገኖች ናቸው። ወቀሳውም በሁለት ይከፈላል። አንደኛው መሥዋዕት ለሚያበዙት ነው፤ እግዚአብሔር የዱር አራዊትና የተራራ እንስሳ ሁሉ የእርሱ ስለ ሆኑ፣ ቢራብ እንኳ ለሰው እንደማይነግር ያስታውቃቸዋል። ሁለተኛው እጅግ የሚያስፈራ ነው፤ ሕጉን በአፋቸው ለሚናገሩ፣ ኪዳኑንም በከንፈራቸው ለሚያነሡ፣ ተግሣጽን ግን ለሚጠሉ ሰዎች የተነገረ ነውና። እነዚህ ሌባውን ሲያዩ አብረውት ይሮጣሉ፤ ዕድላቸውን ከአመንዝሮች ጋር ያደርጋሉ፤ ተቀምጠው የገዛ ወንድማቸውን ያማሉ። እንግዲህ ሕግን በአፉ የሚናገር፣ ኪዳንንም በከንፈሩ የሚያነሣ ማን ነው? ዛሬ ይህን መዝሙር በዜማ የምንደግመው እኛ አይደለንምን?

ከዚህ በኋላ እግዚአብሔር ስለ ዝምታው ይናገራል። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ዝም እንዳላቸው፣ እነርሱም እግዚአብሔር እንደ እነርሱ ያለ እንደ መሰላቸው፣ አሁን ግን እንደሚዘልፋቸውና ኀጢአታቸውን በፊታቸው እንደሚያቆም ያስታውቃል። የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ይህ ነው። የሰውየው በደል ስርቆቱና ሐሜቱ ብቻ አልነበረም፤ በዝምታው ምክንያት የእግዚአብሔርን ባሕርይ በራሱ ባሕርይ መለካቱም ነበረ።

በሰው ዘንድ ዳኛ ወንጀል እያየ ዝም የሚለው ስለ ምንድን ነው? ወይ ነገሩ አልደረሰውም፤ ወይ ኀያሉን ሰው ፈርቶአል፤ ወይ መማለጃ በልቶአል፤ ወይ ራሱ የወንጀሉ ተካፋይ ሆኖአል። ከእነዚህ አንዱ ስንኳ ለእግዚአብሔር አይነገርም። ጆሮን የተከለ እንደሚሰማ፣ ዓይንን የሠራ እንደሚያይ 93ኛው መዝሙር ያስረዳናል፤ ስለዚህ ነገሩ አልደረሰውም ሊባል አይቻልም። የሚፈራውም የለም። የተራራው እንስሳ ሁሉ ገንዘቡ የሆነውን አምላክ በሰንጋና በጧፍ፣ በተዝካርና በድግስ ሊደልለው የሚችል ማን ነው? ከክፋት ጋርም አንድነት የለውም። እንግዲህ ዝም ያለው ከሰው ዝምታ ሁሉ በተለየ ምክንያት ነው። ይህንንም ምክንያት ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 2 ገልጦታል፤ የእግዚአብሔር ቸርነትና ትዕግሥት ሰውን ወደ ንስሓ የሚመራ ነው፤ ይህን የናቀ ግን ለራሱ ቍጣን ያከማቻል። ቅዱስ ጴጥሮስም በሁለተኛው መልእክቱ፣ ጌታ መዘግየቱ ማንም እንዳይጠፋ ስለ ወደደ መሆኑን አስተምሮአል።

ስለዚህ የእግዚአብሔር ዝምታ ለኀጢአተኛ የተሰጠ ዕድሜ ነው። ዕድሜውን እንደ ፈቃድ የቈጠረው ግን መድኃኒቱን መርዝ አደረገው። ሰሎሞን በመጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 8፣ በክፉ ሥራ ላይ ፍርድ ፈጥኖ ስለማይደረግ የሰው ልብ ክፋትን ለማድረግ እንደሚጠነክር ተመልክቶአል። የሀገራችንም ሰው ኀጢአት ሲደጋገም ጽድቅ ይመስላል ይላል። ሐሰተኛ ምስክር የሆነ ሰው በመጀመሪያው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሌሊቱንም እንቅልፍ ያጣል። ሳይቀሠፍ ሲነጋለት ሁለተኛውን በድፍረት ይመሰክራል። በሦስተኛው ዋጋ ይደራደራል። በአራተኛው የምስክርነቱን ገንዘብ ከፍሎ ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ይገዛና ተመስገን ይላል። ይህ ሰው በአንድ ቀን አልጠፋም፤ ያልተቀጣበት እያንዳንዱ ቀን ወደ ጥልቁ የሚወርድበት ደረጃ ሆነበት። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 13 የተናገራትን በለስ እናስታውስ። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ፈልጎ አጣባት፤ የወይኑ ጠባቂ ስለ ለመነላት አንድ ዓመት ተጨመረላት። የተጨመረው ዓመት ሥሯ ተቈፍሮ ፍግ እንዲፈስባት ነው፤ ያው አንድ ዓመት ስለ ሆነም ፍጻሜ አለው።

ይህ ነገር በባዕዳን ላይ ብቻ እንዳይመስለን ቅዱስ ዳዊትን እንመልከት። ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወሰደ፤ ኦርዮንንም በጦር ሜዳ አስገደለው። ከዚህ በኋላ ነቢዩ ናታን እስኪመጣ ድረስ ምን ያህል ጊዜ አለፈ? ሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በግልጥ እንደሚያሳየን፣ ናታን የመጣው ቤርሳቤህ ከወለደች በኋላ ነው። እንግዲህ ከዘጠኝ ወር የማያንስ ጊዜ ሰማይ ዝም ብሎአል ማለት ነው። በእነዚያ ወራት ዳዊት በዙፋኑ ተቀምጦ ነበረ፤ በሕዝቡ ላይ ይፈርድ ነበረ። ናታን የአንዲቱን በግ ምሳሌ በነገረው ጊዜ እንኳ የሌላውን ሰው በደል ሰምቶ ተቈጣ፤ ሰውየው ለሞት የተገባ ነው፣ አራት እጥፍም ይክፈል ብሎ ፈረደ። ለሌላው ሰው ኀጢአት የነቃ ሕሊና ለራሱ ኀጢአት ተኝቶ ነበረ። ያልተቀጣ ኀጢአት እንዲህ ያለ እንቅልፍ ያመጣል።

ነገር ግን በእነዚያ ወራት በእውነት ዝም ያለው ማን ነበረ? መልሱን 31ኛው መዝሙር ይሰጠናል። ዳዊት በዚያ መዝሙር፣ ኀጢአቱን ሳይናዘዝ ዝም ባለበት ጊዜ አጥንቶቹ እንዳረጁ፣ የእግዚአብሔርም እጅ ቀንና ሌሊት እንደ ከበደችበት ይናገራል። እንግዲህ ዝም ያለው ዳዊት ነበረ። የእግዚአብሔር እጅ ግን ከላዩ አልተነሣችም። ሰው «እግዚአብሔር ዝም አለኝ» ሲል ብዙ ጊዜ ራሱ አፉን ዘግቶ ከእግዚአብሔር ተሸሽጎ ይሆናል። የውስጥ መጨነቅ፣ ጸሎት አልሆን ማለት፣ የወንድምን ፊት ማየት ማፈር፣ ይህ ሁሉ እግዚአብሔር የሚናገርበት ቋንቋ ነው።

ይህን የሚያጸና ሌላ ነገር በመዝሙራቱ አቀማመጥ እናገኛለን። አባቶቻችን መዝሙረ ዳዊትን አሥር አሥሩን አንድ ንጉሥ እያሉ በዐሥራ አምስት ሲከፍሉት፣ 49ኛውና 50ኛው በአምስተኛው ንጉሥ ተከታትለው ይገኛሉ። በተለመደው የዕለታት ክፍልም 31ኛው፣ 49ኛውና 50ኛው በማክሰኞ ይደገማሉ። በ49ኛው እግዚአብሔር ኀጢአተኛውን ኀጢአትህን በፊትህ አቆመዋለሁ ብሎ ያስጠነቅቀዋል። ገጹን ስንገልጥ በ50ኛው ዳዊት ኀጢአቱ ዘወትር በፊቱ እንደ ቆመ ይናዘዛል። በ49ኛው እግዚአብሔር የኰርማ ሥጋ እንደማይፈልግ ይናገራል፤ በ50ኛው ዳዊት የተሰበረ ልብ መሥዋዕት እንደ ሆነ ይመሰክራል። አንደኛው መዝሙር ክስ ነው፤ ሁለተኛው የተከሳሹ ቃል ነው። ኀጢአት በፊታችን መቆሙ አይቀርም፤ ልዩነቱ ማን ያቆመዋል የሚለው ነው። ዛሬ በንስሓ አባታችን ፊት በገዛ እጃችን ብናቆመው ይደመሰሳል፤ እኛ ከኋላችን ብንጥለው ግን በዚያች ቀን በመላእክትና በሰው ሁሉ ፊት እግዚአብሔር ያቆመዋል።

እስካሁን የተናገርነው ለበደለኛው ነው። ለተበደለው ግን ይህን ቃል እንዳለ ብንሰጠው በቍስሉ ላይ ጨው መነስነስ ይሆንብናል። ልጁን የተነጠቀ ሰው «እግዚአብሔር ገዳዩን የሚታገሠው ለንስሓ ነው» ቢባል፣ የእኔስ ልጅ ብሎ ይጠይቃል። ይህም ጥያቄ ለቤተ ክርስቲያናችን የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በንጹሓን ላይ እልቂት ተጀመረ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የፍልሰተ ዐፅማቸው በዓል በሚከበርበት ሰሞን፣ የፋሺስት ጦር የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት፣ ዲያቆናትና ለበዓል የተሰበሰቡትን ምእመናን ወስዶ ረሸናቸው። የሟቾቹ ቍጥር በወራሪዎቹ የራሳቸው መልእክት እንኳ በመቶዎች የተነገረ ነው፤ በኋላ የተመራመሩት ሊቃውንት ከሺህ በላይ አድርሰውታል። እነዚያ አባቶች ዳዊት ሲደግሙ የኖሩ ናቸው። እግዚአብሔር ዝም እንዳይል የሚለምነውን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ ደግመውት ይሆን?

ትእዛዙን የሰጠው ግራዚያኒስ ምን ሆነ? በኢትዮጵያ ስላፈሰሰው ደም በማንም ፍርድ ቤት አልቆመም። በ1942 ዓ.ም. በሀገሩ ወታደራዊ ፍርድ ቤት የ19 ዓመት እስራት ቢፈረድበት፣ ክሱ ከናዚ ጀርመን ጋር ስለ መተባበሩ ነበረ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ተፈትቶ በ1947 ዓ.ም. ሞተ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አፊሌ በምትባል የኢጣልያ ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። ያልተቀጣ ኀጢአት ማለት ይህ ነው። እኛም ይህን በሰባኪ ብልኃት ልናለሰልሰው አንፈልግም።

እንግዲህ ለተበደለው ምን እንላለን? በመጀመሪያ የማይባለውን እንናገር። የደረሰበት መከራ የኀጢአቱ ዋጋ ነው አይባልም። ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ተንዶ ስለ ገደላቸው ስለ ዐሥራ ስምንቱ ሰዎች ሲናገር፣ ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ሰዎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስረድቶአል። ደግሞም ኃጥኡ ሲታመም ወይም ሲሞት «አያችሁ፣ እግዚአብሔር ተበቀለ» ብለን አንቸኩል፤ ጻድቁም ይታመማልና፣ ሰማዕቱም በለጋነቱ ይሞታልና። እንዲህ ያለው አነጋገር ሌላው ኃጥእ በሰላም አርጅቶ ሲሞት አፋችንን ያስይዘናል።

የሚባለው ግን ይህ ነው። በ21ኛው መዝሙር ቀንና ሌሊት ጮኾ መልስ ያላገኘ ሰው አለ። ይህን መዝሙር ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በመስቀል ላይ ሆኖ ጸልዮታል። እርሱ በሄሮድስ ፊት በተጠየቀ ጊዜ ዝም አለ፤ በመስቀልም ላይ በጮኸ ጊዜ ከሰማይ ድምፅ አልተሰማም። በዮርዳኖስና በደብረ ታቦር የተሰማው የአብ ድምፅ በቀራንዮ አልተሰማም። ነገር ግን ያ ዝምታ የዓለም ድኅነት የተፈጸመበት ሰዓት ነበረ፤ መልሱም በሦስተኛው ቀን በባዶው መቃብር ተሰማ። ስለዚህ በዝምታ ውስጥ ያለ ተበዳይ እግዚአብሔር በሌለበት ስፍራ የቆመ አይደለም፤ ክርስቶስ ቀድሞ በቆመበት ስፍራ ቆሞአል። ትንሣኤ ሙታን ካለ፣ ያልተሰማ ጩኸት የለም፤ ተዘግቶ የቀረ መዝገብም የለም። የደብረ ሊባኖስን አባቶች ደም ፍርድ ቤት ባይጠይቀው ደሙን ያየው አምላክ ይጠይቀዋል። ይህን ስንል ግን በምድር ፍርድ አይፈለግ ማለታችን አይደለም፤ አሳፍ በ81ኛው መዝሙር ፈራጆችን ለድኻና ለሙት ልጅ እንዲፈርዱ አዝዞአልና። ምድራዊ ፍርድ ቢጠፋ ተስፋ አይጠፋም ማለታችን ነው።

አሁን ሦስተኛው ቀረን፤ እርሱም ዝም ያለው ካህን ነው። የዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ብዙዎቹ ካህናት ስለ ሆኑ፣ ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚነካው ይህ ነው። ካህኑ ኤሊ ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ የእግዚአብሔርን ቍርባን ሲያቃልሉ ሰማ፤ በለዘበ ቃል ተናገራቸው እንጂ አልከለከላቸውም። መጽሐፍ በዚያው ስፍራ፣ በዚያ ዘመን የእግዚአብሔር ቃል ብርቅ እንደ ነበረ ይነግረናል። ካህን ዝም ባለበት ዘመን የእግዚአብሔርም ቃል ብርቅ ቢሆን ያስደንቃልን? ለነቢዩ ሕዝቅኤልም፣ ጕበኛ ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ባይነፋ የሟቹ ደም ከእጁ እንደሚፈለግ ተነግሮታል።

የእግዚአብሔር ዝምታና የእኛ ዝምታ አንድ አይደለም። እርሱ ዝም የሚለው ታግሦ ነው፤ እኛ ዝም የምንለው ፈርተን ወይም ተጠቅመን ነው። የሠራተኛውን ደመወዝ የያዘ፣ የወላጅ አልባውን መሬት ያስለወጠ፣ ሚስቱን የሚደበድብ ሰው በዓውደ ምሕረት ከፊት ሲቀመጥ፣ የንስሓ አባቱ ሁሉን እያወቀ በየወሩ በማዕዱ ሲቀመጥ፣ ሕዝቡ ምን ይማራል? እግዚአብሔር ዝም ብሎት ከነበረ አሁን ቤተ ክርስቲያን ባረከችው ብሎ ያምናል። በደለኛው በ49ኛው መዝሙር እግዚአብሔርን እንደ ራሱ አድርጎ እንዳሰበው ሁሉ፣ የተበደሉትም እግዚአብሔርን እንደ እኛ አድርገው ያስቡታል። ከዚህ የሚበልጥ ማሰናከያ የለም።

ዳሩ ግን መናገር ማለት ሰውን በአደባባይ ማዋረድ አይደለም። ናታንን እንይ። ወደ ንጉሡ ራሱ ሄደ እንጂ በኋላው አላማውም። ምሳሌ መስሎ የተኛውን ሕሊናውን ቀሰቀሰው። ከዚያ በኋላ ያ ሰው አንተ ነህ ብሎ ሳይፈራ ነገረው። ዳዊት በድያለሁ ባለ ጊዜ ደግሞ ሳይዘገይ የእግዚአብሔርን ይቅርታ አበሠረው። ሆኖም ሰይፍ ከቤቱ እንደማይርቅ፣ የኀጢአት ፍሬ እንዳለ አልሸሸገውም። ምሥጢሩን መጠበቅ፣ ፊት ለፊት መናገር፣ እውነቱን አለመቈራረጥ፣ ይቅርታውንም አለማዘግየት፣ እነዚህ አራቱ የንስሓ አባት ሥራዎች ናቸው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሚገሥጽ ሰው 49ኛውን መዝሙር ለራሱ ይድገመው፤ ተግሣጽን የሚጠላ አፍ ሌላውን ሊገሥጽ አይችልምና።

እንግዲህ የተወደዳችሁ አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሚመጣው ማክሰኞ ዳዊታችንን ስንዘረጋ 49ኛውን መዝሙር ጨርሰን ወደ 50ኛው ከማለፋችን በፊት ጥቂት ቆም እንበል። ሳንቀጣ ስለ ቀረንበት ነገር ራሳችንን እንጠይቅ። የወሰድነው የሰው ገንዘብ ካለ እንመልሰው፤ ያማነው ወንድም ካለ ሄደን ይቅርታ እንጠይቀው፤ ከንስሓ አባታችን የሸሸግነው ኀጢአት ካለ እንግለጠው። በደል የደረሰብን እንደ ሆነ እንባችንን ከእግዚአብሔር አንሰውር፤ አሳፍ እንዳደረገው ወደ መቅደስ ይዘነው እንግባ። ካህናት የሆንን እንደ ሆነ ያወቅነውን በደል በትዕግሥት ስም አንሸፍነው።

49ኛው መዝሙር ተግሣጹን በጥፋት ብቻ አይፈጽምም። እግዚአብሔርን የሚረሱትን ካስፈራራ በኋላ፣ የምስጋናን መሥዋዕት ለሚሠዋ ሰው የእግዚአብሔርን ማዳን በሚያሳይ ተስፋ ይዘጋል። ዝም ያለው አምላክ ዝምታውን ሲተው የመጀመሪያ ፈቃዱ ማዳን ነው፤ አሁንም የታገሠን ስለዚህ ነው። የተሰጠንን ዕድሜ ለንስሓ እንድናደርገው አምላከ አሳፍ፣ አምላከ ዳዊት፣ ቅዱስ እግዚአብሔር ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።